የሴቶቹ ታብ

ጠሃ አበባ ነበር የሚፈልገው። የእህቱ የነዒማ የፎቶ አልበም ጠርዙ ላይ የሚዞር፣ ከኢንተርኔት በነፃ የሚወርድ የአበባ ሐረግ። አንዱን ገጽ ከፈተና ከሁሉ ገዝፎ የተቀመጠውን አረንጓዴ ቁልፍ ተጫነ። ገዝፎ የሚታይ ሁሉ ግን የሚፈለገው አይደለም። ወዲያው ሌላ ታብ ተከፈተ፤ የኮምፒውተሩ ፊት ደም መሰለ፤ ስፒከሩ እንደ አምቡላንስ ይጮህ ጀመር።

ጠሃ እንግሊዝኛ የሚያውቀው ስምንተኛ ክፍል ድረስ በተማረው ልክ ነው። ጣቱን መስታወቱ ላይ እያስኬደ ቀስ ብሎ አነበበ። ኮምፒውተርህ ተይዟል። የከፈትካቸው ገጾች በሙሉ ይታዩናል። ፎቶዎችህ እየተወሰዱ ነው። ያለህበት ከተማ፦ አዲስ አበባ። ይህን ገጽ እንዳትዘጋ። ፎቶዎችህን ለማዳን የኢሜይልህን ፓስዎርድ እዚህ ጻፍ። ከሥሩ ደግሞ ቁጥር ወደ ኋላ ይቆጥራል።

«ያ ረቢ!» አለ።

ለኮምፒውተሩ አልነበረም የፈራው። ከቀዩ ገጽ ጎን፣ አናት ላይ እንደ ደብተር ጆሮ ብቅ ያለ ሌላ ታብ አለ። እሱ የነዒማ ታብ ነው።

ነዒማ በመቀሌ የሴቶችን ወገን ፎቶ የምታነሣ ናት። ከወሎ መጥተው እዚህ የከተሙት ቤተሰቦች ልጅ ሲድሩ ወንዱ ለብቻው፣ ሴቱ ለብቻው ይቀመጣል። በሴቶቹ ክፍል ሻሹ ይወርዳል፣ ፀጉሩ ይፈታል፣ ጭፈራው ይደራል። እዚያ ካሜራ ይዛ እንድትገባ የሚፈቀድላት እሷ ብቻ ናት። ያነሣችውን ፎቶ ወንድ አያየውም፤ ፎቶ ቤቱን አብሯት የሚሠራው ወንድሟ እንኳ አያየውም። ጠሃ የፓስፖርት ፎቶ ያነሣል፣ ኮፒ ያደርጋል፤ የሠርጉ ሥራ ላይ ዐይኑን አይጥልም። የምታሳትመውም መርካቶ ላለች አንዲት ሴት እየላከች ነው። ስሟ የቆመው በዚህ ነው፤ የሁለቱም እንጀራ እንዲሁ።

በዚያ ቀን፣ በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ነዒማ በቅርቡ የተዳረችውን የሀፊሳን የሠርግ ፎቶዎች ለአታሚዋ መላክ የጀመረችው ገና በጠዋቱ ነበር። ኔትወርኩ ኤሊ ሆነባት። ሳያልቅ የሌላ ሠርግ ሰዓት ደረሰና ካሜራዋን አንጠልጥላ ተነሣች።

«ጠሃ፣ ይህቺን ታብ እንዳትነካት። ከተዘጋች ከሀ ብሎ ነው የሚጀምረው። ከፍተህም እንዳታይ።»

«እኔ ምን አግብቶኝ አያለሁ?»

«አውቃለሁ። ብቻ ለማስታወስ ያህል ነው።»

እና አሁን ይሄ ቀይ ገጽ። የሀፊሳ ፀጉር፣ የእናቷ፣ የአክስቶቿ፣ የጎረቤት ልጃገረዶች ሁሉ ፀጉር የት እንዳለ እንኳ በማይታወቅ ወንድ እጅ ሊገባ ነው። ፎቶዎቹ መኖር አለመኖራቸውን ከፍቶ እንዳያረጋግጥ፣ ክልክሉ ማየቱ ራሱ ነው። ደግሞስ ሲነካካው ታቡ በራሱ ቢከፈትበት? ጠሃ ዙሪያውን ቃኘ፤ ለፓስፖርት ፎቶ ከጀርባ የሚሰቀለውን ነጭ አንሶላ ከግድግዳው መንጭቆ ኮምፒውተሩ ላይ ጣለው።

ገጹ ከአንሶላው ሥር መጮኹን ቀጠለ።

ስልኩን አውጥቶ ለነዒማ ደወለ። ብዙ ጠርቶ ተነሣ። «አሰላሙ ዐለይኩም» አለ የትልቅ ሴት ድምፅ።

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ነዒማን ነበር።»

«ነዒማ ውስጥ ናት ልጄ። ስልክ ሁሉ እኔ ዘንድ በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ነው። ደንቡን አታውቅም እንዴ?»

ጠሃ ደንቡን ያውቃል። ሰው ተደብቆ ፎቶ እንዳያነሣ በሴቶቹ በር ላይ ስልክ ይሰበሰባል፤ አንዲት የታመነች ሴትም ቅርጫቱን ይዛ ትቀመጣለች። ድንጋጤ ግን ምላስ ያፈጥናል።

«እባክዎን ይጥሩልኝ! የሀፊሳ ሠርግ ፎቶዎች ሊሰረቁብን ነው! ኮምፒውተሩ ተይዟል፤ ሌቦቹ ሴቶቹን በሙሉ እያዩ ነው!»

ከወዲያ ማዶ ከበሮ ብቻ ከሩቅ ይሰማል።

«ማነህ አንተ?»

«ጠሃ ነኝ፤ ወንድሟ።»

«እኔ ደግሞ ዘሃራ ነኝ» አለ ድምፁ። «የሀፊሳ እናት።»

ስልኩ ተዘጋ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጠሃ የያዘውን ስልክ እንደ ጠላት አፍጥጦ አየው።

ምን ያድርግ? ቁጥሩ ይቆጥራል። ፓስዎርዱን ያውቀዋል፤ ኢሜይሉን የከፈተላት እሱ ነው። «ፎቶዎችህን ለማዳን» ይላል እኮ ገጹ። የአንሶላውን ጫፍ ቀና አድርጎ፣ የሚጻፍበትን ሳጥን ብቻ እያየ፣ አንገቱን እንደ ጅራፍ ጠምዝዞ አንድ ፊደል ጻፈ፤ ሌላ ጨመረ፤ ግማሽ ደረሰ።

«ኣታ ጠሃ! ምንድን ነው ይሄ ጩኸት? ሱቅህን እሳት አደጋ ወሰደው እንዴ?»

ጠሃ ብድግ አለ። የመጣው ሓየሎም ነው፤ ከጎኑ ባለው ሱቅ ሞባይል የሚጠግን። ወደ ሰማዕታቱ ሐውልት ወደ ሓወልቲ በሚወጣው በዚያ መንገድ ላይ ስልክም ሆነ ኮምፒውተር ሲታመም የሚጠራው እሱ ነው።

«ቫይረስ ነው መሰለኝ» አለ ጠሃ።

«ዞር በል ልየው።»

«አይቻልም!» ጠሃ ሁለት እጁን ዘርግቶ አንሶላው ፊት ቆመ።

«እንዴት አይቻልም?»

«ውስጡ የሴቶች ፎቶ አለ። የነዒማ ሥራ ነው።»

ሓየሎም እግሩን መለሰ። ባለትዳር ነው፤ የሰው ደንብ ያከብራል። «ታድያ ምን ልሁንልህ፣ ሓወይ? ዐይኔን ጨፍኜ ልጠግነው?»

«ጨፍነህ የምትችለው የለም?»

«አለ። ጸሎት።»

ቢሆንም ጀርባውን ሰጥቶ፣ እንደ ሸርጣን ወደ ኋላ እየሄደ፣ በዳበሳ የስፒከሩን ገመድ አገኘና ነቀለው። ጩኸቱ ቀጥ አለ። ጆሮ ሲያርፍ ልብም ትንሽ ያርፋል።

«በል አሁን ኮምፒውተሩንም ከሶኬቱ ንቀለው።»

«ከጠዋት ጀምሮ እየላከ ነው፤ ከሀ ሊጀምር ነው። ደግሞም ‹እንዳትዘጋ› ይላል።»

«ሌባ ‹በርህን እንዳትዘጋ› ቢልህ እሺ ትለዋለህ?»

ጠሃ ሶኬቱን አየ፤ እጁን ግን አልዘረጋም።

«ምንም አልጻፍክበትም አይደል?» አለ ሓየሎም፣ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳዞረ።

«ግማሹን።»

«የምኑን ግማሽ?»

«የፓስዎርዱን።»

«ዋይ ኣነ! በል እጅህን ወደ ላይ፤ እንደ ምርኮኛ። ምንም እንዳትነካ!» ሓየሎም ስልኩን አወጣ። «ኮምፒውተር የምታውቅ ሴት ነው የሚያስፈልገን። የአክስቴ ልጅ ዮርዳኖስ እንዳ ኢየሱስ በተባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ኮምፒውተር ታስተምራለች። እሷ ብትመጣ ሁሉንም ማየት ትችላለች።»

ዮርዳኖስ እስክትደርስ ሁለቱ ወንዶች ጀርባቸውን ለአንሶላው ሰጥተው እንደ ባንክ ዘበኛ ቆሙ። በመካከሉ አንድ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ የፓስፖርት ፎቶ ፈልጎ ገባ። ባዶውን ግድግዳ አየ፤ አንሶላ የለበሰውን ኮምፒውተር አየ።

«ምን ሆኖ ነው?»

«አርፏል» አለ ሓየሎም። ሰውዬው ነፍስ ይማር ይመስል ከንፈሩን መጥጦ ወጣ።

ዮርዳኖስ ከባጃጅ ወረደች፤ የፈተና ወረቀት የታጨቀበት ቦርሳ ብብቷ ሥር ይዛለች። ወሬውን ሰምታ ሳትጨርስ ወንዶቹን ወደ ውጭ አዞረቻቸውና አንሶላውን ገለጠች። ጠሃ ዋይታ ጠበቀ። ከጀርባው የተሰማው ግን ሳቅ ነበር።

«ጠሃ፣ አንተ አዲስ አበባ ነህ እንዴ?»

«ኧረ መቀሌ ነኝ» አለ ጠሃ፣ ዐይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

«እነዚህ ሰዎች የከፈትከውን ሁሉ እናያለን እያሉ ያለህበትን ከተማ እንኳ አላወቁም። የእኛ ኢንተርኔት ከውጭ ሲታይ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ነው የሚመስለው። እሱን ገምተው ጻፉ። ፎቶ ደግሞ የሌለው ሰው የለም። ጨለማ ውስጥ ድንጋይ ወርውሮ ‹ኧረ!› የሚለውን መጠበቅ ነው ሥራቸው።»

ጠሃ ያንን የከተማ ስም በዐይኑ አንብቦት ነበር። ፍርሃት ያነበቡትን አያስተውልም።

«ይኸው ዘጋሁት፤ እሱን ብቻ» አለች ዮርዳኖስ።

«የነዒማስ ታብ?»

«መላኩን ቀጥሏል። ምንም አልነካውም» አለች አንሶላውን እየመለሰች።

ጠሃ ሊያመሰግናት አፉን ሲከፍት ሌላ ባጃጅ መጥቶ ከደጁ ተገተረ። ፊት የወረዱት እትዬ ዘሃራ ናቸው፤ በስልክ የተሞላውን ቅርጫት በሁለት እጃቸው አቅፈዋል። ከኋላ ነዒማ ተከተለች፤ ካሜራዋ አንገቷ ላይ፣ ፊቷ አመድ መስሎ።

«ጠሃ የሚባለው የትኛው ነው?» አሉ እትዬ ዘሃራ።

ሓየሎም ማንም ሳያስገድደው ጣቱን ቀሰረ።

«አንተ! ልጄን ለስንት ወንድ አሳየሃት? አንተስ አይተሃታል?»

«ወላሂ አላየሁም፣ እትዬ! አንሶላ ነው የጣልኩበት።»

«እኔም ልየው ስል አፍንጫዬን ሊሰብረው ነበር» አለ ሓየሎም። «ኮምፒውተር ሲጠገን ጀርባዬን ሰጥቼ የቆምኩት ዛሬ ነው።»

እትዬ ዘሃራ አንሶላውን አዩ፤ ጥቂት ለዘብ አሉ፤ መልሰው ግን ተቆጡ። ነዒማ ካሜራዋን ጨብጣ በሩ አጠገብ ቀረች። ጠሃን ከስድቡ ይልቅ ይህ አንገበገበው።

«እትዬ፣ ማንም አላየም» አለች ዮርዳኖስ ከወንበሩ እየተነሣች። ማን እንደሆነች፣ ምን እንደምታስተምርና ሁለቱ ታቦች ጎን ለጎን ተከፍተው እንደነበር ነገረቻቸው።

«ማንም አላየም ማለት ቀላል ነው» አሉ እትዬ ዘሃራ። «እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሞኝ ግን አይደለሁም። አንዱ ቤት የሌባ፣ አንዱ ቤት የልጄ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተቀምጠው እንዴት አያይም? ንገሪኝ። ካልገባኝ ነዒማ እዚሁ ፊቴ ሁሉንም ታጠፋዋለች። ሀፊሳ የሠርግ ፎቶ ሳይኖራት ትቅር፤ ሰው ከሚስቅባት ያ ይሻላል።»

ነዒማ ዐይኗን ጨፈነች። ጠሃ የፎቶ ቤቱ ዕድሜ በዚች አስተማሪ አፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ገባው። ፎቶው ከጠፋ ወሬው ይቀራል፤ ወሬው ከቀረ ማን ነዒማን ወደ ሴቶች ክፍል ያስገባታል?

ዮርዳኖስ አልቸኮለችም። «ታቦቹ ላይ ላዩን ሲታዩ ጎን ለጎን ናቸው» አለች። «ውስጡ ግን ሌላ ነው። ገጾቹን የሚከፍተው ብሮውዘር የሚባለው ፕሮግራም ለየድረ ገጹ የየራሱን ክፍል ይሠራለታል። ቀዩ ገጽ በክፍሉ ውስጥ ይጩህ፣ ይዝለል፤ ወደ ጎረቤት መግባት ይቅርና ጎረቤት ማን እንዳለ አያውቅም። አንድ ነገር ከፈለገ በሩ ላይ ያለውን ብሮውዘር መለመን አለበት። ብሮውዘሩ ደግሞ ‹አንተ የማን ነህ?› ይላል። የኢሜይሉን ዕቃ የሚሰጠው ከኢሜይሉ አድራሻ ለመጣ ብቻ ነው። ያኛው ከሌላ አድራሻ ነው፤ ቢለምንም አያገኝም።»

ከቅርጫቱ አንዱ ስልክ መጮህ ጀመረ። እትዬ ዘሃራ ሳያዩት በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«ቅርጫቱን ለምን ይዘው መጡ?» አለ ሓየሎም።

«ማን ላይ ጥዬው ልምጣ? አደራ ነው!» አሉ። ቅርጫታቸውን ቁልቁል አዩት። «እንደ እኔ ነዋ» አሉ ቀስ ብለው። «ወጡም ሥጋውም ከወንዶቹ ቤት ሲመጣ እኔ ነኝ በር ላይ የምቀበለው። ያመጣው ጎረምሳ ደፉን አይረግጥም። ውስጥ ማን እንዳለችም አያውቅ።»

«በቃ እሱ ነው።»

«ወንዶቹ ቤት ጠብ ቢነሣስ? ድንኳኑ ቢወድቅ?»

«የሴቶቹ ጭፈራ አይቋረጥም። አንዱ ታብ ቢበላሽ ብዙውን ጊዜ እሱው ብቻውን ይወድቃል እንጂ ሌላውን ይዞ አይጠፋም።»

«እኔን ቢያታልሉኝስ? ኒቃብ ለብሶ የሚመጣ ወንድ እኮ አይጠፋም።»

ዮርዳኖስ ፈገግ አለች። ክፍሏ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቃት ተማሪ ብዙ አልነበረም መሰል። «አይጠፋም፤ እውነትዎን ነው። ለዚህ ነው ብሮውዘሩ በየጊዜው መታደስ ያለበት፤ አዲስ የወጣውን ማታለያ እንዲያውቅ። ይህኛው የታደሰ ነው፤ አሁን አይቼዋለሁ። ያረጀ ቢሆን ኖሮ አፌን ሞልቼ አልነግርዎትም ነበር።»

እትዬ ዘሃራ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠሃ ነገሩ አለቀ ሲል ዮርዳኖስ ጣቷን አነሣች።

«አንድ ነገር ግን አለ። ግድግዳው የሚያግደው ሰርስሮ የሚገባውን ነው። ባለቤቱ በገዛ እጁ ቁልፉን ካስረከበስ? ያ ሁሉ ቀይ መብራት፣ ያ ሁሉ ጩኸት ቁልፉን ለመረከብ ነበር። መግቢያ ስላጡ ነው የሚለምኑት።»

ሓየሎም ጠሃን በክርኑ ጎሸም አደረገው። መዋሸት ይቻል ነበር፤ ያየ የለም። ጠሃ ግን የእህቱን ፊት አየ። «ግማሹን ጽፌላቸው ነበር» አለ።

«ምን?» አለች ነዒማ። ከገባች የመጀመሪያ ቃሏ ናት።

«ፎቶውን ያድናል ብዬ ነው። ሓየሎም ደረሰብኝና ተውኩት። አልጨረስኩም፤ አልላክሁምም።»

«ግማሽ ቁልፍ በር አይከፍትም» አለች ዮርዳኖስ ፈጠን ብላ። «የጻፍከውን ግን ሳትልከውም አይተውት ይሆናል። ነዒማ አሁኑኑ ትቀይረው። ከዚያ ኢሜይሉ ውስጥ ማን ማን እንደገባ አብረን እናያለን፤ የገቡበት ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ ይመዘገባል። እናንተ ውጡ።»

ወንዶቹ ወጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። በሩ ተዘጋ። ባጃጆች ሽው ይላሉ፤ ማዶ ካፌው ውስጥ ሰዎች ይሳሳቃሉ። ጠሃ ጉልበቱን አቅፎ ውስጥ የሚሆነውን ያዳምጣል፤ ምንም አይሰማም። ጠፍተው ይሆን? የማይታወቅ ስልክ ተገኝቶ ይሆን? ነዒማ እያለቀሰች ይሆን?

«ኣጆኻ» ብሎ አጽናናው ሓየሎም። «ዮርዳኖስ ክፉ ወሬ ሲኖራት ወዲያው ነው የምትናገረው። ትንሽ ሆና እንኳ አያታችን ቤት ብርጭቆ የሰበረውን ሁሉ በስም ትጠራ ነበር። ብዙውን ጊዜ እኔን።»

ጠሃ መሳቅ አማረው፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም።

ከዚያ ከውስጥ አንድ ጩኸት ተሰማ። ጠሃ ተፈናጥሮ ተነሣ።

«ይሄ እኔ ነኝ?! ነዒማ! እንደዚህ ዘልያለሁ? በዚህ ዕድሜዬ?»

ቀጥሎ የመጣው የሦስት ሴቶች ሳቅ ነው። የእትዬ ዘሃራ ከሁሉ በላይ ይሰማል፤ ትንፋሽ አጥሯቸው ወገባቸውን ይዘው የሚስቁት ዐይነት። ጠሃ ቆሞ አዳመጠ። ቀዩ ገጽ ከተከፈተ ጀምሮ የተሸከመውን ጆንያ ሰው ከጀርባው ያወረደለት መሰለው፤ መልሶ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

ነዒማ በሩን ከፍታ ወጣች። ዐይኗ እርጥብ ነው፤ ፊቷ ግን መልኩ ተመልሶለታል።

«የእኔ ስልክና ይሄ ኮምፒውተር ብቻ ናቸው የገቡት» አለች። «ሌላ ማንም የለም። አታሚዋም አሁን ጽፋልኛለች፤ ሁሉም ደርሷታል።»

«አልሐምዱሊላህ! ፎቶዎቹ አይጠፉም ማለት ነው?»

«እትዬ አንድ ብቻ አስወጡ። ራሳቸው አፋቸውን ሞልተው የሚበሉበትን።» ከጎኑ ተቀመጠች። «ፓስዎርዱን ቀይሬዋለሁ።»

«ጥሩ አድርገሻል።»

«አልነግርህም።»

«እንዳትነግሪኝ! ብለምንሽም እንዳትነግሪኝ።»

ነዒማ ትከሻውን በትከሻዋ ገፋችው። ልጆች ሳሉ ከተጣሉ በኋላ የምታደርገው ነገር ነው፤ ይቅርታ ማለት አይሆንላትም፤ መስማትም አትወድም።

እትዬ ዘሃራ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ወጡ። የባጃጁን ሹፌር «ተነሣ፣ ሙሽራዋ ሳትወጣ እንድረስ!» አሉትና እግራቸውን ካስገቡ በኋላ አንገታቸውን መለሱ።

«ነዒማ፣ ምን ተቀምጠሽ ትስቂያለሽ? ነይ እንጂ! አንተም ጠሃ፣ ስማ። የትንሿ ልጄ ሠርግ ከረመዳን በኋላ ነው። እህትህ ብትረሳው አንተ አስታውሳት፤ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይወስዳት።»

«እሺ እትዬ» አለ ጠሃ። ባጃጁ ወደ ሓወልቲ ታጥፎ ከዐይኑ ከጠፋ በኋላም «እሺ፣ እሺ» ሲል ሓየሎም ሰማው።